አዝማሪውን ማን ይጫወተው?

ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም.፣ ቦታው ፍኖተ ሰላም ነው። የአንድ ባልደረባዬ እህት ቡሬ አጠገብ ገጠር ውስጥ ልትዳር ስለነበረ ለሠርጉ ከአዲስ አበባ ወርጄ፣ ሁለቱን ሌሊት ያረፍኩት ፍኖተ ሰላም አክስቴ ቤት ነበር። እንደደረስኩ መብራት ጠፋ። ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጡ አምስት ወጣቶች በአንድ ሻማ ዙሪያ ተኮልኩለዋል። ፊታቸው ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረጉ ወረቀቶችና ገጻቸው የበዛ ባለ ቀለም ዳይሶች ተዘርግተዋል። ያወራሉ፣ ይሟገታሉ፣ ይስቃሉ። ካርታ አይደለም፤ ሉዶም አይደለም።

«ጋሼ፣ እንኳን መጣህልን! አንድ ሰው ጎድሎን ነበር» አለኝ የአክስቴ ልጅ። «ጦረኛ አለን፣ ቀስተኛ አለን፣ አስማተኛ አለን፣ ሌባም አለን። የቀረን አዝማሪ ነው። አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? አዝማሪውን አንተ ያዝልን።»

አክስቴ ከጓዳ ጠላ ይዘው ሲወጡ ይህችን ሰሙ። «ጉድ ነው! ብሎ ብሎ የወንድሜ ልጅ አዝማሪ ሆኖ ይምጣብኝ?» አሉ። ክፉ አላሰቡም፤ ለጨዋታ ነው። ሁላችንም ሳቅን። ቀስተኛውን የያዘው ልጅ ብቻ አልሳቀም። ቀና ሳይል ወረቀቱን ማገላበጡን ቀጠለ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ጨዋታ ይሔየሳል ወይ?

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ቴአትር ይሔየሳል፤ ልቦለድ ይሔየሳል፤ ልጆች በሻማ ብርሃን የሚጫወቱት ጨዋታ ግን ምኑ ለሒስ ይበቃል? መልሴ አጭር ነው። ይህ ጨዋታ ሰዎች የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ ወስደው በዚያ ሰው አፍ የሚናገሩበት ነገር ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የቴአትር የቅርብ ዘመድ ነው። ገጸ ባሕርይው አዝማሪ ሲሆን ነገሩ የእኛም ጉዳይ ይሆናል።

ጨዋታው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። አንዱ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ተራኪው «በሩ ተዘግቷል፤ ዘበኛው ጦር ይዞ ቆሟል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይናገራል። መሳካት አለመሳካቱን ግን ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይወስናል። በአጭሩ ተረትና ዕጣ ተጋብተው የወለዱት ጨዋታ ነው።

የእኔ ገጸ ባሕርይ በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ «ባርድ» ይባላል፤ ልጆቹ ከጎኑ በእስክሪፕቶ «አዝማሪ» ብለው ጽፈውበታል። ባርድ የጥንት የአየርላንድና የዌልስ ባለቅኔ ስም ነው። ሹማምንቱን ያወድስ፣ የትውልድ ሐረጋቸውን ይቆጥር ነበር። በአየርላንድ ባለቅኔ በግጥም የሰደበው ሰው ፊቱ ላይ ቁስል ይወጣበታል ተብሎ እስከ መታመን ተደርሶ ነበር። ወደ ጨዋታው የገባው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። በ1978ቱ መጽሐፍ ባርድ ለመሆን የሚሻ ተጫዋች መጀመሪያ ጦረኛ፣ ቀጥሎ ሌባ ሆኖ ማለፍ ግድ ነበረበት። ልጆቹ የሚጫወቱበት የ2014ቱ አምስተኛ እትም ግን ማንም ከመነሻው ባርድ እንዲሆን ይፈቅዳል።

ይህ እትም ለባርዱ ከሚሰጠው መሣሪያ ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው ማጀገን ነው። ባርዱ ለጓደኛው አንድ ተጨማሪ ዳይስ ይሰጠዋል፤ ጓደኛው በጨነቀው ሰዓት ጥሎ በራሱ ዕጣ ላይ ይደምረዋል። ባርዱ ይህን ለራሱ መስጠት አይችልም። ሁለተኛው ፌዝ ነው። ባርዱ ጠላቱን በቃል ይሸነቁጠዋል፤ ፌዙ ከያዘ ጠላት ይቆስላል፣ ቀጥሎ የሚሰነዝረውም ምት ይደክማል።

እውነት ለመናገር የመጀመሪያውን ሕግ ሳነብ ደስ አለኝ። ይህን የጻፈ ሰው አንድ ነገር ገብቶታል። የእኛም አዝማሪ ከጦር ጋር ሲዘምት ሥራው ይኸው ነበር፤ የሰውየውን አባትና አያት እየጠራ ሲያወድሰው፣ ሰውየው ወደ ኋላ ማለትን ያፍራል። አዝማሪው ለሌላው የሚሰጠው ድፍረት ለራሱ አይሆነውም። እስከዚህ ድረስ ጨዋታውና አገራችን ይግባባሉ።

ግጥሙና ዳይሱ

ጨዋታው ተጀመረ። ከአንድ ምሽግ ደጃፍ ደርሰናል። የምሽጉ ጌታ መንገደኛውን ሁሉ በሩ ላይ እየያዘ ከብቱን ይነጥቃል። ተራኪው የአክስቴ ልጅ «ጌታው ሰገነት ላይ ወጥተው ያዩአችኋል፤ አዝማሪው ምን ትላለህ?» ሲለኝ አፌ ተሳሰረ። ዲፕሎማዬ ዜና መጻፍ እንጂ ግጥም መግጠም አላስተማረኝም። ያኔ ቀስተኛው ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ተቀበለኝ» አለና ቀስ ብሎ ነገረኝ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ተቀበልኩት፦

ምን አርሼ ልብላ፣ በየት ልግባ ቤቴ፣
በሬን ያዙብኝና፣ ይፍረዱኝ አባቴ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሰሙ ስለተቀማ የእርሻ በሬ የሚያለቅስ ገበሬ ነው፤ ወርቁ ደግሞ በሬን፣ ማለትም የገዛ ቤቴን በር፣ ዘግተህብኛል ብሎ ጌታውን ፊት ለፊት መክሰስ ነው። ክሱን ያቀረበው ደግሞ ለዚያው ለተከሳሹ ጌታ ነው፤ «ይፍረዱኝ አባቴ» እያለ። በሁለት ስንኝ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

«በል ዳይሱን ጣል» አለኝ ተራኪው። ጣልኩ። ሦስት ወጣ፤ ከሃያ ሦስት። «ጌታው አልገባቸውም፤ ፊታቸውን አዞሩ» ተባልኩ።

ጩኸት ሆነ። ጦረኛውም ሌባውም ተነሡ። እንዲህ ያለ ግጥም ተነግሮ እንዴት ዕጣ ይዳኘዋል? ታዲያ ግጥሙ ምን አመጣው? ዝም ብለን ዳይስ አንጥልም ነበር ወይ? እኔም ከእነሱ ወገን ነበርኩ። የጨዋታው ዋና ጉድለት ይኸው ነው፣ ቃልን በዕጣ ይለውጣል ብዬ ደመደምኩ። በማግሥቱ ቢጽፉ ኖሮ ይህ ሒስ በዚህ ያልቅ ነበር።

ጉር አምባ

ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ የጎጃም አዝማሪ ትዝ አለኝ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ጉር አምባ ላይ ገጠሙ። ጎሹ በጦርነቱ ወደቁ። ከውጊያው በፊት በጎሹ ሰፈር አንድ አዝማሪ በካሣ ላይ ተሳልቆ ገጥሞ ነበር። ድል ከሆነ በኋላ አዝማሪው ተይዞ ቀረበ፤ ምን ብለህ ነው የሰደብከኝ ተባለ። አዝማሪውም እዚያው ቆሞ በራሱ ላይ የሚፈርድ ግጥም ገጠመ። ግጥሙ እስከ ዛሬ በቃል የሚታወስ ነው፤ ለመልካምነቱ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ቢሆንም አልማሩትም፤ ተገደለ።

ታዲያ አንባቢ ሆይ፣ ግጥም በመልካምነቱ የሚዳኝ ቢሆን ያ ሰው በሕይወት በወጣ ነበር። የአዝማሪውን ዕጣ የሚወስነው የስንኙ ውበት ብቻ አይደለም፤ ሰሚው በዚያ ቀን በምን ልብ እንደዋለም ነው። ጌታው ጠግቦ እንደሆን ይስቃል፤ ተቆጥቶ እንደሆን ሽመል ያስመዝዛል። ይህን የሰሚ ልብ ማንም አስቀድሞ አያውቀውም። ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይህን ካልሆነ ሌላ ምንድን ነው? ስለዚህ በዳይሱ ላይ የያዝኩትን ክስ አነሣሁ።

በምትኩ ግን ሌላ ክስ ያዝኩ። በጨዋታው የባርዱ ፌዝ ሳይሳካ ሲቀር ምንም አይሆንም። ጠላት አይቆስልም፤ በቃ። ባርዱ በሚቀጥለው ተራ እንደገና ይፌዛል። የተነገረ ቃል ተመልሶ ተናጋሪውን እንደሚያገኘው ሕጉ አያውቅም። እዚህ አገር ግን የታወቀ ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግራዚያኒ ጠንቋዮችን፣ ትንቢት ተናጋሪዎችንና ዘፋኝ ተራኪዎችን እየያዙ እንዲገድሉ አዘዘ። መትረየስና አውሮፕላን የነበረው ሠራዊት ማሲንቆ የያዘ ሰው ፈርቶ ነው። የጨዋታው ደራሲዎች የአዝማሪ ቃል ጠላትን እንደሚያቆስል ጽፈዋል፤ ልክ ናቸው። ያልጻፉት ዋጋውን ነው።

ዳሱ ውስጥ

በማግሥቱ ማለዳ በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ፤ ከዚያም በእግር ወደ ገጠሩ ወረድን። በቆሎው ተሰብስቦ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል፤ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቷል። ዳሱ ውስጥ አንድ ጎልማሳ አዝማሪ ማሲንቆውን አንገቱ ሥር አስደግፎ በሰዉ መካከል ይመላለሳል። ስለ ሙሽሮቹ ዘፈነ፣ ስለ ሚዜዎቹ ዘፈነ፣ ብር ግንባሩ ላይ ተለጠፈለት። ከዚያ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጣታቸውን አንሥተው «ተቀበል!» አሉ።

ሽማግሌው ግጥሙን ሰጡ። ስለ ድንበር ድንጋይ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት እግር አውጥቶ ስለሚሄድ ድንጋይ። ዳሱ ሁሉ ወዲያኛው መደብ ላይ ወደ ተቀመጡት ጎረቤታቸው ዞረ። አዝማሪው ስንኙን ተቀበለ፤ ሲያዜመው ግን አንዲት ቃል ለወጠ። ሽማግሌው «ጎረቤቴ» ያሉትን እሱ «ዘመዴ» አደረገው። በዚያች አንዲት ቃል ስድቡ ወቀሳ ሆነ። ጎረቤትየውም ሊቆጡ ሲሉ ሳቁ፤ ቀጥለውም እሳቸው በተራቸው «ተቀበል!» አሉ። አዝማሪው የእሳቸውንም ተቀበለ። እንዲህ እያለ ክርክሩ በአንድ ሰው አፍ ሲመላለስ ቆየ።

እንግዲህ ባርድና አዝማሪ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ባርዱ የአንድ ቡድን መሣሪያ ነው፤ ቃሉም የራሱ ነው። የዳሱ አዝማሪ ግን መካከል ላይ የቆመ ሰው ነው፤ አፉን ለሁለቱም ወገን ያውሳል። ሊነገር የማይቻለውን ነገር ባለቤቱ በእሱ አፍ ይናገረዋል። ቢከፋ «አዝማሪ ነው ያለው» ይባላል፤ ቢያምር «እገሌ እንዴት አድርጎ ገጠመ» ይባላል። ምስጋናው ለሰጪው፣ አደጋው ለተቀባዩ ነው። የጉር አምባው አዝማሪም አፉን ያዋሰው ለአንድ ሰፈር ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ብቻውን ቀረ።

«እኔ ከያዝኩት ጨዋታ አይሆንም»

ማታ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ቀስተኛውን ልጅ ደጅ ላይ ብቻውን አገኘሁት። የትናንቱ ግጥም ያንተ አይደለም ወይ፣ ታዲያ አዝማሪውን ለምን አንተ አልያዝክም አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «ጋሼ፣ እኔ ከያዝኩት ጨዋታ አይሆንም» አለኝ። አያቱ ማሲንቆ ይመቱ እንደነበር የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ጓደኞቹ አያውቁም። አክስቴም አያውቁም።

ትናንት ማታ ስንስቅ እሱ ያልሳቀበት ምክንያት ገባኝ፤ ጆሮዬ ጋለ።

አዝማሪን እንወደዋለን፤ ያለ እሱ ሠርጋችን አይሞቅም። ነገር ግን «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ስንጣላ ለስድብ እናወጣዋለን። ብር ግንባሩ ላይ እንለጥፍለታለን፤ ልጃችንን ግን አንድርለትም የሚሉ ቤቶች ነበሩ፤ ዛሬም አልጠፉም። ቃሉ የተወለደው «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ መዝሙርና ዘማሪ የሚባሉት የተከበሩ ቃላት ወንድሞቹ ናቸው። ከአንድ እናት ተወልደው አንዱ ቤተ መቅደስ ሲገባ ሌላው ደጅ ቀረ። እርግጥ ብዙ ነገር ተለውጧል። ማሲንቆ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጣል። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ አዝማሪ በውጭ አገር የሙዚቃ መጽሔት ላይ ጽፈው፣ ባለቅኔና ሙዚቀኛ ብለው ለዓለም አስተዋውቀውታል። አዲስ አበባም አዝማሪ ቤት መሄድ የከተሜ መዝናኛ ሆኗል። ይሁንና ፍኖተ ሰላም ሻማ ሥር የተቀመጠው የሃያ ዓመት ወጣት ይህን ሁሉ እያወቀ የአያቱን ሙያ ደብቋል።

ጨዋታ ማለት ገብተው የሚወጡበት ነገር ነው። እኔ ባርዱን ስይዝ ማታ ለብሼው ጠዋት የማወልቀው ካባ ነው። ለእሱ ግን የሚወልቅ አይደለም። ለአንዱ ጨዋታ የሆነው ለሌላው የዘር ሐረግ ነው። በአሜሪካ የተጻፈ የጨዋታ መጽሐፍ ይህን እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ በወረቀቱ ጎን «አዝማሪ» ብለን የጻፍነው እኛ ግን ይጠበቅብናል።

ሁለተኛው ማታ

በዚያ ምሽት ለልጆቹ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። የልጁን ምሥጢር አላነሣሁም፤ የዳሱን ነገር ብቻ ነገርኳቸውና ሁለት ሕግ እንጨምር አልኩ። አንደኛ፣ አዝማሪውን የያዘ ሰው ከራሱ አይናገር፤ ከጓደኞቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ይስጠው፤ አዝማሪው አንድ ቃል መለወጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ዳይሱ ካልወጣለት ቃሉ ተመልሶ ይምጣ፤ ጌታው «ይህን ማን አቀበለህ?» ብለው ይጠይቁ። ተስማሙ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሌላ ሆነ። ትናንት ሲሳለቅ ያመሸው ጦረኛ ግጥም ከመስጠቱ በፊት ያስብ ጀመር። ሌባው አንድ ስንኝ ሊሰጥ ጀምሮ «ይቅር፣ ይቅር» ብሎ ተመለሰ። ማሾፍ ዋጋ ሲኖረው ቃል እንደሚመረጥ በዓይኔ አየሁ። ስለ ሥነ ጽሑፍ ነፃነትና ኃላፊነት ከሰማኋቸው ብዙ ስብሰባዎች ይልቅ ያ ሻማ አስተማረኝ ብል አላጋነንኩም።

ወደ ማብቂያው ገደማ ቀስተኛው «ተቀበል!» አለኝ። ከትናንቱ የባሰ የሚቆረጥም ግጥም ነበር፤ ስንኙን ለራሱ ለልጁ ስል አልጽፈውም። ከቃሉ አንዲት ሳልለውጥ ተቀበልኩ። ዳይሱን ጣልኩ፤ አምስት ወጣ። ተራኪው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ በጌታው ድምፅ «ይህን ማን አቀበለህ?» ሲል ጠየቀኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቀስተኛው አየኝ።

«ማንም፤ የራሴ ነው» አልኩ።

የእኔ አዝማሪ በሽመል ተመትቶ ከደጃፉ ተጣለ፤ ነጥቡ አልቆ ከጨዋታ ወጣ። ልጆቹ «ምን ነካህ ጋሼ፣ ሰጪውን ብትነግር ለሁለት ትካፈሉት አልነበር?» እያሉ ተንጫጩብኝ። ቀስተኛው ልጅ ወረቀቱን አጣጥፎ ከቆየ በኋላ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ «አያቴም እንዲሁ ነበር የሚሉት» አለ። «የምን አያት?» አለ አንዱ። ልጁም ነገራቸው። በአጭሩ፣ ሳያሽሞነሙን ነገራቸው። አክስቴም ከጓዳው በር ላይ ቆመው ሰሙ፤ ምንም አላሉም። ጠላ ሲቀዱ ግን ከእሱ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ክልሉን የናጠው ግጭት በዚያ አካባቢ ማታ ተሰብስቦ መጫወትን የሚያስጨንቅ አድርጎታል። የተናገረ ሁሉ «ይህን ማን አቀበለህ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ጊዜ እንደ ጨዋታ አይጣፍጥም።

ፍርዴን ልስጥ። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መልካም ጨዋታ ነው፤ ወጣቶቻችንን አፍ ለአፍ ያነጋግራል፤ ዳይሱም እንደገመትኩት የቃል ጠላት አይደለም። ባርዱ ግን ገና ግማሽ ሰው ነው፤ ይናገራል እንጂ አይቀበልም፤ ያቆስላል እንጂ አይቆስልም። ሌላውን ግማሽ ልንጨምርለት የምንችለው እኛ ነን፤ ዳሱም አዝማሪውም አሉን። ርዕሱ ላይ ላነሣሁት ጥያቄም መልሴ፣ አዝማሪውን ማንም ይጫወተው የሚል ነው። ነገር ግን ከመያዙ በፊት በጠረጴዛው ዙሪያ ያልሳቀ ሰው እንዳለ ይመልከት።